ፎቶ አስጨፋሪው

ባሌ ምንተስኖት ቁጭ ማለት አይችልም። ቀልዴን አይደለም። አብሬው ከኖርኩ ጀምሮ ምሳውን አንድ ቦታ ተቀምጦ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም። አንድ ይጎርስና ተነስቶ መስኮት ይከፍታል፤ ሌላ ይጎርስና መስኮቱን ይዘጋል። ቸርች ስንሄድ ዳር ላይ ነው የማስቀምጠው፤ መሃል ከገባ ስብከቱ እስኪያልቅ የሰው እግር እየረገጠ ይወጣል፣ ይገባል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን ወደ ጓዳ ጠርታኝ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሆዱ ውስጥ ሞተር አለ እንዴ?» አለችኝ። ሞተር ቢሆንማ ማጥፊያ ይኖረው ነበር።

ሥራውም እንደ እሱ ነው። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችን። እኔ ከፊት ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ስላይድ ይሠራል። ሰው የሠርጉን፣ የምርቃቱን፣ የልደቱን ፎቶ በቴሌግራም ይልክለታል፣ እሱ በሙዚቃ አቀናብሮ ይመልስለታል። ታዲያ ፎቶ ዝም ብሎ ከቆመ ይጨንቀዋል። ሙሽሪትን ከግራ ያስገባታል፣ ሚዜዎቹን ከላይ ይጥላቸዋል፣ አያትየዋን ያሽከረክራቸዋል። ከበሮው ድም ባለ ቁጥር አንድ ሰው ከስክሪኑ ይወረወራል። «ኧረ እኚህን ሴትዮ እንኳ ትንሽ አሳርፋቸው፣ ሪህ አለባቸው» እለዋለሁ። «ሰብለ፣ የቆመ ፎቶ የሞተ ፎቶ ነው» ይለኛል። ደንበኛው ይወድለታል፤ እኔ ራሴን ያዞረኛል።

አባቱ ጋሽ ገሠሠ ሻሸመኔ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ምንቴ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ የማይለምኑ ሰው የሰው ደጅ ጠንተው። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የቆመ ኮንቴይነር ማየት አልቻለም። ለቀቀና ኮምፒውተር ገዛ። ጋሽ ገሠሠ ይህን ሲሰሙ አዳማ ድረስ መጡ። ሱቃችን በር ላይ ቆመው፣ ደንበኛ እየሰማ፣ «ሰው ፎቶ እያስጨፈረ ትዳር ይይዛል? አንተ ፎቶ አስጨፋሪ!» አሉት። እሱም የአባቱ ልጅ ነውና «እርስዎስ ዕድሜ ልክዎን ካርታ ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ አይደል የኖሩት?» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ተኮራረፉ። በዓል ሲመጣ የምደውለው እኔ ነኝ። «ያ ልጅ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው።» «ጥሩ» ይሉና ይዘጋሉ።

ምንቴ ግድ የለውም የሚል ካለ አያውቀውም ማለት ነው። አንድ ጥሩ ስላይድ በጨረሰ ቁጥር «አባዬ ይሄን ቢያዩ...» ይልና አፉን ይዘጋል። አንድም አላዩለትም። የሚያቅበጠብጠው ግማሹ ይሄ ነው። ግማሹ እንኳን ተፈጥሮው ነው፣ ምን እዋሻለሁ።

ባለፈው ሰኔ አንድ ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለለት። ሲያወራ እየተንጎራደደ ስለሆነ ሁልጊዜ ድምፁን ክፍት ያደርገዋል፣ ስለዚህ እኔም ሰማሁ።

«አከም ጅርቱ? መምህርት ጫልቱ እባላለሁ፣ ከሻሸመኔ ነው የምደውለው» አለች አንዲት ሴት፣ ጥድፍ ጥድፍ እያለች። «ቅዳሜ የመምህር ገሠሠ ሽኝት ነው። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ለስለስ ባለ መዝሙር አቀናብረህ እስከ ዓርብ አድርስልን። ውይ፣ ደወል ተደወለ፣ ክፍል ልገባ ነው!» ዘጋችው።

ሽኝት! እስቲ አሁን ይሄን ቃል ማን ፈጠረው? ጡረታ ለወጣም ሽኝት፣ ዱባይ ለሚሄድም ሽኝት፣ ለሞተም ሽኝት። በተለይ እኛ ጴንጤዎቹ ቀብር ማለት ይከብደንና «የሽኝት ፕሮግራም» እንላለን። እኛ ሱቅ ደግሞ በዚያ ሰሞን የተሠራው ሽኝት ሁሉ የሟች ነበር።

ምንቴ መጋረጃውን ይዞ መሬት ላይ ዘፍ አለ፤ መጋረጃው ከነብረቱ ተከትሎት ወረደ። «ሰብለ፣ ቀብረዋቸዋል!» አለኝ። «ቅዳሜ ሠልስቱ ነው! ለእኔ ሳይነግሩ ቀበሯቸው!»

እህቱ ሚልካ እዚያው ሻሸመኔ ናት፤ ደወለላት።

«ሚልካ፣ አባዬ?»

«ደህና ናቸው» አለች ቶሎ ብላ። ድምጿ ታፍኗል። ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ያንን እኛ በምን እንወቅ?

«አገናኚኝ።»

«አሁን እዚህ የሉም።»

«የት ሄደው?»

«ኧረ ደህና ናቸው አልኩህ! ለማንኛውም ቅዳሜ ሁለታችሁም ኑ። ትንሽ ፕሮግራም ቢጤ አለ።»

አገራችንን ለሚያውቅ ከዚህ በላይ መርዶ የለም። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። «ትንሽ አሟቸው ነው፣ ለማንኛውም ና» ነው የምንለው። እኔ ራሴ አጎቴ የሞቱ ጊዜ «ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው» እየተባልኩ ነው ድንኳኑ በር ድረስ የሄድኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የአባቱን ስልክ ሞከረ፤ ዝግ ነው። የጫልቱን ሞከረ፤ አታነሳም። እኔ ተደብቄ ሚልካ ጋ ደውዬ «ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ ቀስ ብዬ አረዳዋለሁ» ብላት «ምን ነካችሁ ዛሬ? ደህና ናቸው እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። በመጮኋ ጭራሽ አመንኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፣ ሱቁን ዘግተን መናኸሪያ ሄድን።

ሞጆ ደርሰን የወደቡን ኮንቴይነር ክምር ሲያይ «እዚያ ቁጭ ብዬ ቢሆን አባቴ አይሞቱም ነበር!» ብሎ ጮኸ። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ዞረ። ከፊታችን የተቀመጠችው፣ ሻሸመኔ ልብስ የምትነግድ እትዬ ሙሉብርሃን የምትባል ሴት፣ «አባትህ ነው ልጄ? እግዚአብሔር ያጽናህ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከኋላም «ያጽናህ ወንድሜ»፣ «ያስችልህ» የሚል ተከተለ። ሾፌሩ በመስታወት አየንና ዘፈኑን አጠፋ። መኪና ሙሉ ሰው ካጽናናህ በኋላ አባትህ አልሞተም ብሎ ማሰብ ከየት ይመጣል?

መኪናው ጸጥ ሲል ለምንቴ የባሰ ሆነ። መቂ ሳንደርስ ወደ በሩ ተዛወረ፣ ባቱ ሳንደርስ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመልሶ ደግሞ አጠገቤ መጣ። ስልኩን ያወጣል፣ ኪሱ ይከታል። መስኮት ይከፍታል፣ አቧራ ይገባል፣ ይዘጋል። ሌላ ቀን ቢሆን ረዳቱ ይሰድበው ነበር፤ ያን ቀን ግን «ና ወንድሜ፣ የፈለግክበት ተቀመጥ» አለው። የረዳት ደግነት ሳይ ነው እኔም እንባዬ የመጣው።

የላንጋኖን መገንጠያ ካለፍን በኋላ ነው ደፍሮ ጫልቱ የላከችውን ፎቶዎች የከፈተው። ጋሽ ገሠሠ ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ጋሽ ገሠሠ ከተማሪ ጋር፣ ጋሽ ገሠሠ በከረባት። አንዱ ላይ ጣቱ ቀረ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሻይ በመሰለው የላንጋኖ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ሁለት ጆሯቸውን እንደ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ልጁ እሱ ነው።

«አንዲት ብቻ እንኳ ሳያዩልኝ» አለኝ። «አንዲት ብቻ ሰብለ።»

እጁን ያዝኩት።

ሻሸመኔ ስንወርድ እትዬ ሙሉብርሃን ዕቃዋን ለሰው አደራ ሰጥታ ተከተለችን። «ኧረ አይገባም» ብንል ማን ሊሰማን! «እንዴት ብቻችሁን ለቅሶ ትገባላችሁ? ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ አንድ ሰው እንኳ የለም። «ምንቴ፣ ድንኳን እኮ የለም» ልል አፌን ስከፍት እትዬ ሙሉብርሃን «ወዮ! ወዮ የኔ ጌታ!» ብላ ለቀቀችው። ምንቴም «አባቴን! አባቴን!» እያለ በሩን በርግዶ ገባ።

ጋሽ ገሠሠ የውሃ ጎማ በእጃቸው እንደያዙ ከጓሮ ወጡ።

ክፍል ሲገቡ የዘጉትን ስልክ ሳይከፍቱ ለምሳ መጥተው ቲማቲማቸውን እያጠጡ ነበር። ልጃቸው በእንባ ታጥቧል፣ እኔ በጥቁር ነኝ፣ የማያውቋት ሴት ደረቷን ትደቃለች። ጎማው ከእጃቸው ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማነው? ማን ሞተ? ሚልካ ናት? ንገሩኝ፣ ሚልካ ናት?»

«ማንም አልሞተም ጋሽ ገሠሠ፣ ሁሉም ደህና ነው!» አልኩ።

«ደህና ነው አትበሉኝ!» ብለው ጮኹ። «እኔም ስንቱን ደህና ነው እያልኩ አርድቻለሁ! ልጄ ናት? አትደብቁኝ!»

ምንቴ ሄዶ ትከሻቸውን ነካ፣ ክንዳቸውን ነካ፣ ልክ የገበያ በግ እንደሚዳስስ ሰው። «እርስዎ ነዎት የሞቱት» አላቸው።

«እኔ?»

«ሽኝትዎ ቅዳሜ ነው ተባልኩ!»

«የጡረታ ሽኝቴ ነዋ፣ አንተ ከንቱ!»

እትዬ ሙሉብርሃን ጩኸቷን መሃል ላይ ቆረጠች። «ታዲያ እኔ ማንን ነው የማለቅሰው?» አለች። ውሃው ቲማቲሙን አጥለቅልቆ ወደ እግራችን መጣ። እኔ ሳቅም ልቅሶም ተቀላቀለብኝ፤ ምንቴ አባቱን አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ጃኬታቸውን ያበላሻል፤ እሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንዴ ያነሱታል፣ አንዴ ያወርዱታል። በመጨረሻ ራሱ ላይ ጣሉት።

ከዚያ «ሠራኸው ወይ?» አሉት።

«ምኑን?»

«ስላይዱን።»

«እኔ እንደምሠራው በምን አወቁ?»

ጋሽ ገሠሠ ዞረው ባንቧውን ለመዝጋት ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ፤ ባንቧ ለመዝጋት ያን ያህል አይፈጅም። «ቁጥርህን ለጫልቱ ማን የሰጣት መሰለህ? ልጄ ነው አላልኳትም እንጂ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሚልካንም እኔ እንደጠራሁህ እንዳትነግርህ ብያት ነው።»

እኔ ደሜ ፈላ። መንገድ ሙሉ ያለቀስኩት ሁሉ አናቴ ላይ ወጣ። «ታዲያ ራስዎ አይደውሉም ጋሽ ገሠሠ? ስልክ አልጠፋ! ሰው ገደሉ እኮ!»

«ደውዬ ምን ልበለው ልጄ?» አሉኝ። «ሥራህን አሳየኝ ልበል፣ በዚያ አፌ? እንደ ደንበኛ ብመጣ አይመልሰኝም ብዬ ነው።»

ያዘቀዘቅኩትን ነጠላዬን አቃናሁ። እትዬ ሙሉብርሃን ምሳ በልታ ነው የሄደችው፤ «ሲሞቱ ለቀብር እመጣለሁ፣ ለቅሶዬን ግን ቀድሜ ጨርሻለሁ» ብላ አሳቀቻቸው።

ምንቴ ስላይዱን ዓርብ ዕለት የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ፣ በሚልካ ላፕቶፕ ሠራው። እሷ እያስነጠሰች አጠገቡ፣ ጋሽ ገሠሠ ከኋላው ቆመው። ወይ ጉድ! ያባትና የልጁን ንትርክ ያየ ትናንት ተላቅሰው ነበር ብሎ አያምንም። «ምን ታሽከረክረኛለህ? መምህር ነኝ እኮ፣ ኳስ አይደለሁም!» ይላሉ። እሱ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ «አባዬ፣ ሰው ይሰለቻል፣ መንቀሳቀስ አለበት» ይላል። የላንጋኖው ፎቶ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ከግራ ሊያስገባው፣ ከላይ ሊጥለው ሞከረ። ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ይቺን አቁማት።»

«አባዬ፣ የቆመ ፎቶ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ምን ያህል ትቁም?»

«መዝሙሩ እስኪያልቅ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመምህሩ ፎቶዎች እየዘለሉ፣ እየተገለበጡ አለፉ፤ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ያ ፎቶ መጣና ቆመ። ሻይ የመሰለ ውሃ፣ የተሰበሰበ ሱሪ፣ ሁለት ትንንሽ እጆች ጆሮ ላይ። መዝሙሩ ይሄዳል፣ ፎቶው አይንቀሳቀስም። ሰው መተያየት ጀመረ። አንዱ ከኋላ «ተቀረቀረ! ኮምፒውተሩ ተቀረቀረ!» አለ፤ መምህርት ጫልቱ ደንግጣ ወደ ጠረጴዛው ስትሮጥ ጋሽ ገሠሠ ከክብር ወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተዉት!» አሉ፣ ክፍል በሚያስተምሩበት ድምፅ። «አልተበላሸም። ልጄ ነው ያቆመው።»

ምንቴን አየሁት። መዝሙሩ እስኪያልቅ ከወንበሩ አልተነሳም።