ለአባባ ቀኝ እጅ

ከመግዛቴ በፊት ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ቤት ሲገዛ እንኳ እንደዚያ አይጨነቅም። እኔ ግን ሲፈጥረኝ ጭንቀታም ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልሴን እስኪሰጠኝ ድረስ ልቤ አይረጋም።

ነገሩ የጌም ዕቃ ነበር። አባባ ሸማ ተራ ዕድሜውን ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ዛለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቹን በየቀኑ ካላሠራ እጁ እንደዚያው ይቀራል አለችን፤ የሚጨብጣት ትንሽ የላስቲክ ኳስም ሰጠችው። አባባ ወስዶ ሶፋ ሥር ወረወራት። "ምነው፣ ሕፃን አደረጋችሁኝ?" አለ። እግር ኳስ ግን ነፍሱ ነው። ይህን ስነግራት "እንግዲያው ጌም ይጫወት" አለች።

ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ኮንሶል? እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ለእሱ ብዬም አይደለም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ ነው የምኖረው። የራሴ ላፕቶፕ ቢኖረኝ ቤቴም ሥራ እይዝ ነበር። ጌሙንም በርካሽ ገልብጠው ይጭኑልኛል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ላፕቶፕ በባትሪው ይቀጥላል፣ ኮንሶል ግን ድርግም ነው። ኮንሶል ከጨዋታ ሌላ አያውቅም፤ ዲስኩም ውድ ነው።

አባባን ኪቦርድ ፊት ሳስበው ግን ሆዴ ባባ። ኮምፒውተር አንዴ አፕዴት አርጉኝ ይላል፣ አንዴ ቫይረስ አለብኝ ይላል፤ እኔ ሥራ ስውል ማን ያስተካክልለታል? ኮንሶል ቲቪው ላይ ይሰካል፣ ይበራል፣ አለቀ። ጆይስቲኩም በሁለት እጅ ካልተያዘ አይሆንም። ያቺ የሁለት እጅ ነገር አሸነፈችኝ። መርካቶ ውስጥ ሻጩን ሁለቴ አስምዬ ያገለገለ ኮንሶል ገዛሁ።

አባባ ወደደው። ሲሸነፍ ዳኛውን ይሰድባል፣ ሲያሸንፍ ጎረቤት ይጠራል። በወሩ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰች። ደስታዬን ሳልጨርስ ኮንሶሉ ቀን ቀን ብቻውን መጥፋት ጀመረ።

"ይሠራ ይሠራና ድርግም ይላል" አለኝ አባባ፣ ዓይኔን ሳያይ።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ቢበላሽ ሌላ የምገዛበት የለኝም፤ እጁም ወደነበረበት ይመለሳል። ማታ ከሥራ መጥቼ ስከፍተው ደግሞ ምንም አይሆንም። ይኼ ይበልጥ አስፈራኝ።

ተሸክሜ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት አጫወተው፤ አንዴም አልጠፋም። ጀርባውን ዳሰሰና "የኔ እህት፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ታፍኖ ነው የሚጠፋው፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ። ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?" አለኝ። አልተዋጠልኝም፤ የኛ መደርደሪያ እኮ ክፍት ነው። አታለለኝ እያልኩ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሳልናገር ቤት ገባሁ። አባባ እየተጫወተ ነው። ኮንሶሉ ለብሷል። ከነጭ ሸማ የተሰፋ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ልክክ ያለ ሽፋን፤ አንድም ቀዳዳ የለው።

"የሰፈራችንን አቧራ አታውቂውም?" አለ ደንግጦ። "ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም።"

ሽፋኑን ስገፍፈው ኮንሶሉ እጄን ፈጀኝ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ያኔ ስፌቱን አየሁት። የእጅ ስፌት ነው። በአንዱ ጥግ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ወዲህ ሲመጣ እየጠበበ፣ እየቀና ይሄዳል። መጨረሻው ጥግ ላይ ያለው የድሮው የአባባ ስፌት ነው።

"ማን ሰፋው?" አልኩ፣ እያወቅሁት።

"መጀመሪያው ጠማማ ነው፤ አሳምሬ ላሳይሽ ብዬ ነበር። አንቺ ስትመጪ ፍራሽ ሥር እደብቀዋለሁ።"

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ኮንሶሉ የተበላሸ መስሎት ሊያጽናናኝ ሞከረ። አልተበላሸም፣ ልብሱ አፍኖት ነው አልኩት። ሽፋኑን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አገላበጠው።

"ታዲያ መተንፈሻ ልክፈትለት" አለና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። "መቀሱን አቀብዪኝ።"