በክሩም መኪና የተሳፈሩት ሰባት ሴቶች

ቨርሊን ቦዝማን በቺካጎ ደቡብ፣ በጥቁሮች ሰፈር፣ በሰባት መብራት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማለች። አስተናጋጅ ናት። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፣ ግራ እጅ ከወገብ ኋላ። አስተናጋጆች በአገልግሎት ሰዓት የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ስለሆነ ሰዉ ዝምተኛ ትመስለው ነበር። ባሏ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “የስድስት ቀኑን ወሬ እኔ ላይ ነው የምታወርደው” ይል ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን በስጦታ ያገኘው ከሙዚቃ ነጋዴው ከታዴየስ ክሩም ነው። ይኸው ሰው አሁን የአሥራ አምስት ዓመቷን ጃሜላን “ድምፅሽን ልቅረጽልሽ” ብሎ፣ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ብቻዋን ቤቱ ሊወስዳት ነው። ከእሷ በፊት ሦስት ልጆች ወስዷል። ሦስቱም መዘምራኑን ትተዋል፤ ኪያራ የምትባለው ከቤት መውጣትም ትታለች። እናቶቻቸው ፖሊስ ጣቢያ ቢሄዱ “ልጆቹ ወደው ነው” ተብለው ተመለሱ። የጃሜላን እናት ደግሞ ፓስተሩ ራሱ “ደግ ሰው ነው” ብሎ አሳመናት።

ቨርሊን ለዲያቆን ራትክሊፍ ነገረችው።

“እህት ቨርሊን፣ የገዛ ሰዋችንን ለነጭ ዳኛ አሳልፈን እንስጥ?”

“ልጆቹስ የማን ናቸው?”

ዲያቆኑ ኦርጋኑን አየ።

እሑድ ቡራኬው እንዳለቀ ክሩም የረጅሙን ጥቁር መኪናውን በር ከፍቶ ለጃሜላ እጁን ዘረጋ። ቨርሊን ደረጃው ላይ ሆና ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳችና ጣቷን አዞረች። ስድስት አስተናጋጆች ከስድስት አቅጣጫ መጡና፣ በሮቹን ሁሉ ከፍተው ገቡ፤ ቨርሊንም ተከትላ ገባች። ወገቧን የሚያማት ኧርነስቲን ከነከዘራዋ ፊት ወንበር ላይ ተደላደለች። ሁለቱ ተደራርበው ተቀመጡ፤ የአንዷ ባርኔጣ እንደ ቂጣ ተጠፈጠፈ። ጃሜላ መሃል ተቀረቀረች።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ክሩም።

“እኛም ድምፅ አለን፤ ቅረጸን” አለች ቨርሊን።

“እማማ፣ ሥራ ነው እኮ!”

“እኛስ ለጨዋታ የመጣን መሰለህ? ንዳ!”

ምእመናኑ ሁሉ ቆመው ስለሚያዩ ነዳ። መዘምራኑ ሁለት ጊዜ ያባረሯት ኧርነስቲን መዝሙር አነሳች፤ ስድስቱ ተቀበሉ፣ እያንዳንዷ በገዛ ዜማዋ። አንዷ ሞቀኝ አለች፣ አንዷ በረደኝ፤ ኧርነስቲን ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት አስቆመችው።

“አሳፈራችሁኝ!” ብላ የጮኸችው ጃሜላ ሳቋ አመለጣትና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ክሩም ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ “ራሴን አመመኝ” ብሎ መኪናውን አዞረና የተጠበሰ ዶሮ ቤት በር ላይ አራገፋቸው።

ጓንት ወለቀ፤ ዶሮ በስጎ ተበላ፤ የክሩምን ፊት እየኮረጁ ጠረጴዛ መቱ። ጃሜላ ግን የያዘችውን ዶሮ ሳህኑ ላይ መለሰች።

“እትዬ ቨርሊን፣ ስለ ኪያራ የሚወራው እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“ለምን ማንም አልነገረኝም?”

“ለትልልቆቹ ነበር የነገርነው” አለች ቨርሊን። “ላንቺ ነበር መንገር የነበረብን። ጥፋቱ የእኛ ነው።”

ጣቷን ጠረገችና ለኪያራ እናት ደወለች። “ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንደገና እንሂድ። ሁላችንም ነን፤ ብቻሽን አትገቢም።”

በስልኩ ውስጥ ከእነ ኪያራ ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ተቀነሰ።

“በስንት ሰዓት?” አለች እናቲቱ።