ጣውንት የሆነብኝ ድምፄ

ጅዳ፣ ኦብሑር ሰፈር የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ትማራለች፤ የእሷ ጥበብ ደግሞ ሥዕል ሳይሆን ድምፅ ነው። አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ ማይክ ደቀነችብኝና እንዳወራ፣ እንድዘፍን ለመነችኝ። ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት፤ ወሬውንም፣ ትንሿ እህቷን የማስተኛበትን እሹሩሩም። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሯ በእኔው ድምፅ ዐረብኛ መናገር ጀመረ፤ ያውም እንደ እናቷ፣ እንደ ማዳም ጥርት ያለ ዐረብኛ። የእኔን ዐረብኛ ትንሿ እንኳ እየሳቀች ነው የምታርመው።

ከዚያ ወዲያ ትንሿ ከትምህርት ቤት መልስ ጋደም ስትል እኔን ትታ የእህቷን ስልክ መጠየቅ አመጣች። ስልኩ በእኔ ድምፅ ተረት ይነግራታል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ቀናሁ። ገና በአራስነቷ ተቀብዬ ያዘልኳት ልጅ እኮ ናት። መካ፣ መንሱር ሰፈር ለምትሠራው ጓደኛዬ ደውዬ ስነግራት በሳቅ ፈነዳች።

«የገዛ ድምፅሽ ጣውንት ሆነብሽ?» አለችኝ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብያት ስልኩን ዘጋሁ።

የትልቋ ሥራ ጅዳ ከተማ ውስጥ ለእይታ ሲቀርብ፣ ትንሿን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያዎች ተንጠልጥለዋል፤ ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። ድምፄ መጣ። እሹሩሩዬን በዐረብኛ ያዜማል፦ «ባሕር ማዶ ያለሽው ልጄ፣ ዛሬ ማን አስተኛሽ?»

እኛ አገር ሕፃን የምታስተኛ ሴት በእሹሩሩው ውስጥ የሆዷን ታወጣለች። እኔም ትንሿን እያስተኛሁ የምጠራው ወሎ የተውኋትን ልጄን ነበር። ትንሿ አማርኛ ስለማትሰማ ሁሉም ለእሷ ይመስላት ነበር። ያን ቀን ግን በዐረብኛ ስለሰማችው ገባትና እጇን ከእጄ አወጣች።

በማግስቱ ስልኩን አልጠየቀችም። ሩዝ ሳጥብ ወጥ ቤት መጥታ ቆመች።

«ያቺ ማናት?»

«ልጄ ናት» አልኳት።

«እሷን ኸላስ፣ ይብቃ። ዛሬ እኔን ጥሪ።»

ላዝንላት ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ እሷም እንደ እኔ ቀንታለች። ታፋዬ ላይ ጋደም ብላ፣ የማንን ስም እንደምጠራ አፍ አፌን እያየች አዳመጠችኝ። የእሷን እየጠራሁ አስተኛኋት።

ወሎ ልጄን የምታስተኛት እናቴ ናት። በእናቴም ቀናሁ።