ስድብ ከተጂ

ነፍሰ ጡር መርዶ አይነገራትም። ይህን ልማድ ያመጣው ሰው ደግ እንደነበረ አልጠራጠርም። እኔን ግን ደጎች የጎዱኝን ያህል ክፉዎች ጎድተውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ሰበታ ውስጥ፣ ሰው በትውከትና በተቅማጥ በሚያልቅበት ክረምት ነበር። ራዲዮኑ በሽታውን በስሙ አይጠራውም። «የሆድ ሕመም» ይለዋል፤ እጃችሁን ታጠቡ ይላል፤ ከዚያ ማርሽ ያሰማናል። ጠዋት ውሃ ስትቀዳ ያየናት ሴት ማታ ስትቀበር፣ ሆዷን አሟት ነው ማለት ነበረብን።

እናቴ ተጂ ነበረች። በጅማ መንገድ ሩቅ አይደለም፤ በደህናው ጊዜ በአውቶቡስ ሄጄ፣ ምሳ በልቼ፣ ተሰድቤ እመለስ ነበር። በዚያ ክረምት ግን በከተማው በሁለቱም መውጫ፣ በአዲስ አበባም በጅማም በኩል፣ ኬላ ቆመ። የክትባት ካርድ የሌለው አያልፍም። ካርዴን ላወጣ ክሊኒክ ሄድኩ። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ሆዴን አየና መርፌውን መልሶ አስቀመጠ።

«ለነፍሰ ጡር አይሰጥም» አለኝ።

«እንግዲያው እንደማይሰጠኝ ጻፍልኝና ልለፍ።»

«እንደዚያ ያለ ወረቀት የለንም።»

«ታዲያ ነፍሰ ጡር በምን ታልፋለች?»

«ለምን ታልፋለች?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ቤቴ ተቀመጥኩ። ከተጂ የሚመጣው ወሬ እየከፋ ሄደ። ውሃ ልቀዳ ቦኖ ስደርስ የሰፈሩ ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ማሰሮ ያስተካክላሉ፤ ሰማዩን ያያሉ። እናቴ እንዴት ናት ስላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ «ደህና ናቸው» ይሉኛል። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። አክስቴ እርጉዝ ሳለች ባሏ ሞቶ፣ እስክትወልድ ድረስ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እየተባለች ኖራለች። «ደህና» የሚለውን ቃል ለሙታን ሰጥተነው ስናበቃ፣ በሕይወት ላሉት የሚተርፍ ቃል ያለን ይመስለናል።

አንዲት የማትዋሸኝ ሰው ነበረች፤ አጥር የምንጋራ ጓደኛዬ። እሷም እንደኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስጠይቅ ግን ለአየር ለውጥ ሱሉልታ እህቷ ጋ ሄዳለች ተባልኩ። ቀናሁባት።

እንቅልፍ ጠፋ። ውሃ አፈላለሁ፤ ይበርዳል፤ አልጠጣውም፤ እንደገና አፈላለሁ። ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ምክንያት አጣለሁ። ልጁ ሲራገጥ የሌላ ሰው በር የሚንኳኳ ይመስለኝ ነበር፤ የምከፍተው እኔ እንደሆንኩ አይታወቀኝም። እናቴን በልቤ ቀብሬያት ነበር፤ እንዳላለቅስ ደግሞ እንባሽ ጽንሱ ላይ ይወርዳል ተብያለሁ።

ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ አልጠፋም። ባለቤቴ «ለምን ታስቢያለሽ?» ይለኛል፤ ማሰብ እንደ ሲጋራ የሚተው ሱስ ይመስል። ድሬሰሩ «ነርቭ ነው» ብሎ ቢጫ ክኒን ሰጠኝ። ከሰፈሩ ሴቶች ትልቋ፣ እትዬ የምንላት፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ትጠመቅ አለች። ጸበሉ ያለው ከኬላው ማዶ ነው፤ እኔም ዓይነ ጥላዬም ካርድ የለንም። እናቷ ትሙት ትኑር የማታውቅ ሴት ትጨነቃለች ብሎ ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ምናልባት በጣም ቀላል ስለሆነ ነው።

ቅቤና ማር የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኦቦ እንላቸዋለን። አህዮቻቸውን እየነዱ በማሳ በማሳ ተጂ ይመላለሳሉ። ኬላው መንገዱን እንጂ ማሳውን አይጠብቅም፤ በሽታው ግን በየት በኩል እንደሚያልፍ የጠየቀው የለም።

«ኦቦ፣ እናቴን አይተዋታል?»

«ፈያ ዳ፣ ኢንተላ ኮ። ደህና ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ፤ ዓይናቸው አህያዋ ላይ ነው።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። የሚዋሸኝ ሰው ሰላምታ ይፈጥርልኛል፤ ምርቃትም ይፈጥርልኛል። ስድብ የሚፈጥርልኝ ግን የለም፤ ነፍሰ ጡር አትሰደብም። እናቴ ደግሞ በሕይወት ካለች ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ኬላው ከመቆሙ በፊት ለአራስ ቤት የሚሆን ቅቤ በቅል ልካልኝ ነበር።

«እንዲህ በሏት» አልኳቸው። «የላክሽው ቅቤ ሸተተ፤ ለውሻ ሰጠሁት።»

ኦቦ ደነገጡ። «እንዲህ ያለ ቃል ለእናት ይላካል?»

«ይላካል።»

«ለውሻ?»

«ለጎረቤት ውሻ ይበሏት።»

እያጉረመረሙ ሄዱ። ያን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጽፍም። ሲመለሱ አጥሩ በር ላይ ቆመው፣ የባለቤቴን ጤንነት፣ ከብት እንኳ ሳይኖረን የከብቶቻችንን ጤንነት ሳይቀር ጠየቁ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ደህና ናቸው።»

«ኦቦ፣ ምን አለች?»

ባለቤቴን አዩት። «እኔ አልልም። ነፍሰ ጡር ነሽ።»

«ያለችው እሷ፤ እርስዎ ምን አጠፉ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እሳቸው ናቸው ያሉት። ቅቤዬ አልሸተተም፤ የሸተተው አፍንጫሽ ነው። ድሮም ቸኩለሽ በሰባት ወርሽ ስትወጪ አፍንጫሽን ሆዴ ውስጥ ረስተሽው ነው የመጣሽው፤ አሉ።» ከዚያም ጨመሩ፤ «ስለ ጌታዬም ብለዋል።»

«እሱን ይተዉት» አለ ባለቤቴ።

«አይተዉት» አልኩ።

«ባልሽም ሽታ አይለይም፤ ቢለይማ መች ያገባሽ ነበር፤ አሉ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከዚያ ያፈላሁትን ውሃ በጣሳ ሙሉ ጠጣሁ። ልጁ ተራገጠ፤ የተንኳኳው በር የእኔ ነበር። በዚያ ክረምት ሐኪምም፣ ጸበልም፣ ባልም ያላደረጉልኝን አንድ ስድብ አደረገልኝ።

እናቴ ካለች ግን ቦኖው ላይ ስለ ማን ነው የሚወራው? ያ ዝምታ የእሷ ካልሆነ የማን ነበር? አእምሮዬ ውሃ ካገኘ በኋላ መሥራት ጀመረ፤ መሥራቱን ግን አልወደድኩለትም። ባለቤቴ ለሥራ ሊወጣ የጫማውን ክር ሲያስር ጠየቅኩት።

«ጎረቤታችን እርጉዝ ናት። መርፌ አይሰጣትም። ሱሉልታ ለመሄድ ኬላውን በምን አለፈች?»

የታሰረውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረው፤ እንደገናም ፈታው።

መንገር አይጠበቅበትም ነበር። ጓደኛዬ ከነጽንሷ ሞታለች። እኔ በሕይወት ላለችው በልቤ ሳለቅስ፣ የሞተችው ላይ ስቀና ከረምኩ፤ ይህ ሁሉ የተደረገው እንዳልጨነቅ ነው። ማወቄን ለማንም እንዳይናገር ባለቤቴን አስማልኩት። ደግነታቸውን እስከ መጨረሻው ላየው ፈለግኩ።

ወለድኩ። ክርስትናው እንዳለፈ፣ አንድ ማለዳ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሰልፍ ገቡ። እትዬ ፊት ናት።

«ልጄ» አለች፣ «እንግዲህ የሰው ልጅ…»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ለቅሶው በየጉሮሮው ቆመ።

«ማን ነገረሽ?» አለች እትዬ። ተቆጥታለች።

«ኬላው ነው የነገረኝ።»

«ኬላ አፍ አለው? ማን ነገረሽ?»

«የት ነው የተቀበረችው?» አልኳት።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክሉ ጀመር። በዚያ በሽታ የሞተውን ኖራ ነስንሰው ከከተማው ውጭ የሚቀብሩት የክሊኒኩ ሰዎች ነበሩ፤ ቀባሪ አይከተልም። ማን እንደነገረኝ ለማወቅ ሰፈሩ ሁሉ እዚህ ተሰልፏል። የት እንዳለች ለማወቅ የጠየቀ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ያኔ አለቀስኩ፤ እንደሚገባ፣ ድምፄን አውጥቼ። እትዬ ትንሽ ታገሠችኝና ትከሻዬን ያዘች።

«በቃ፣ ልጄ» አለችኝ። «ወተትሽ ይደርቃል።»