የጥርኝ ቤት ልጅ

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ያቺኑ ጥቂቷን ያገኘሁት በአጥር ላይ በተደረገ ጨዋታ ነው፤ እሱን ላውጋችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ጥርኝ አርቢ ነበር። ቤታችን ነቀምቴ ዳር፣ ወደ አርጆ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጓሮ ባለችው ጎጆ ውስጥ ጥርኞቹ በእንጨት ርብራብ በተሠሩ ጠባብ ቤቶች ይኖራሉ። ብርድ ስለማይወዱ እሳቱ አይጠፋም። አባቴ ስጋ የገባበት ገንፎ ያበላቸዋል፤ ከጅራታቸው ሥር ዝባዱን እየጠረገ የከብት ቀንድ ውስጥ ያጠራቅማል። ነጋዴ ይወስደዋል፣ ፈረንጅ አገር ሄዶ ሽቶ ይሆናል ይባላል። እኛ ቤት ግን ሽቶ አልሆነም። ጋቢው ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ ቂጣው ላይ ሳይቀር ያድራል። እኔ ለምጄው አይሸተኝም ነበር።

ያወቅኩት ትምህርት ቤት ስገባ ነው። ዴስክ ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ብድግ ይላሉ።

«ጥርኙ መጣ፤ መስኮት ክፈቱ።»

ከሁሉ የከፋኝ የጎረቤታችን የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ ነው። ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ኳስ አብረን ስንለጋ እንውላለን፤ ክፍል ስንገባ ግን እሱም አፍንጫውን ይዞ ፈቀቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ ፊደሉን ያን ያህል አልጓጓሁለትም። የፈለግሁት እሱ አጠገቤ እንዲቀመጥ ነው። አልሆን ሲል ከትምህርት ቤት ቀረሁ።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ከአጥራችን ውጭ ቆሞ ተጣራ። ከሸዋ የመጣ ወጣት ነው፤ ኦሮምኛ ገና እየለመደ ነበር።

«አካም ቡልቴ!» አለ አባቴን፣ እንዴት አደርክ ለማለት። ለታላቅ ሰው «ቡልታን» ማለት ነበረበት፤ አባቴ ግን እንዳልሰማ አለፈው።

ግባ እንዳይለው፣ ጥርኝ እንግዳ ሰው ካየ ይደነግጣል፣ ዝባዱንም ይነፍጋል። ስለዚህ አንዱ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ ሆነው፣ እኔ መሃል ቆሜ አስተረጎምኩ። አስተማሪው ይጮኻል፤ አባቴ ጥርኞቹ እንዳይደነግጡ ያንሾካሹካል።

«ልጅዎ ጎበዝ ነው። ግን ሽታው ልጆቹን አስቸገረ።»

አባቴ አሰብ አደረገና፣ «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እንዲህ በለው» አለኝ። «የፈረንጅ ሴቶች አንገታቸውን ሊቀቡት አገር አቋርጦ ይሄድላቸዋል። የእሱ ተማሪዎች በነፃ አገኙት፣ ምን አነሳቸው?»

ይህን ስነግረው አስተማሪው ከት ብሎ ሳቀ። ጎጆዋ ውስጥ ጥርኞቹ ተንጫጩ።

«ሽሽ፣ በለው!» አለ አባቴ፣ እሱም ሳቁን አፉ ውስጥ ይዞ።

የባለሱቁ ሚስት ለካ በአጥሯ በኩል ሁሉን ትሰማ ኖሯል። «ኦቦ፣ የትምህርት ቤት ልብሱ እኔ ጋ ይደር» አለች። «ጠዋት ወንዝ ወርዶ ይታጠብ፣ ከኛ ቤት ለብሶ ይሂድ። ጥርኝዎም በእንግዳ አይደነግጥ፣ ልጁም አይቅር።»

ጠዋት ጠዋት አባቴን የሚያግዘው እኔ ነበርኩ። ጎጆዋን አየ፣ እኔን አየ። በመጨረሻ «ቶሌ» አለ፤ ይሁን ማለቱ ነው።

በማግስቱ ውርጩ ሳይለቅ ወንዝ ወርጄ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ በሳሙና ታሸሁ። ልብሴ በሱቁ ጓዳ፣ ከላምባው በርሜል በላይ ተሰቅሎ ነበር ያደረው። ለብሼው ክፍል ገባሁ። ማንም መስኮት ክፈቱ አላለም። የባለሱቁ ልጅ አንገቱን አስግጎ አሸተተኝ፤ እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«እኛን እኛን ትሸታለህ» አለ። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ተቀመጥኩ። ከኋላችን አንዱ፣ «እነዚህ አጠገብ ክብሪት እንዳትጭሩ» ሲል ሁለታችንም ዴስኩ ላይ ተደፍተን ሳቅን።