የሩማይሳ ፊት ያልታየበት ቤት

አፓ ተስኒም ሰው አታምንም። ፓኪስታን፣ ሙልታን ውስጥ ሰፈራችን ሁሉ «አፓ»፣ ታላቅ እህት፣ ይላታል፤ ሥራዋ ወንድና ሴት አገናኝቶ መዳር ነው። አግቢው መሐንዲስ ነኝ ካለ ፋብሪካው በር ድረስ ሄዳ ዘበኛውን ትጠይቃለች። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ የጋብቻ ድረ ገጿን የሠራሁላትም እኔ ነኝ። እኔንም አታምነኝም። ሻይ ስጋብዛት እንኳ «ምን ፈልገህ ነው?» ትለኛለች።

ያን ቀን ሱቄ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል።

«የሩማይሳን ፎቶ ምን አደረግኸው?»

«ኧረ ምንም!»

«ልጇን የምድርላት ቤጉም ሻኪላ ቤት ሲከፍቱት ስሟ አለ፣ ትምህርቷ አለ፣ ፊቷ የለም። ባዶ ግራጫ ሳጥን! ‹ምን ሊደብቁ ነው? ፊቷ ተቃጥሏል እንዴ?› አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ባሳያት ደግሞ ‹በስልክማ የማንንም ቆንጆ ታሳዪኛለሽ፤ እቤቴ ካላየሁ አላምንም› አትለኝም!»

በሱቄ ኮምፒውተር ከፈትኩት። የሒሳብ አስተማሪዋ ሩማይሳ ፈገግ ብላ ታየናለች።

«ታዲያ ሊሸሹ ፈልገው ነው» አለች አፓ። «ነውሩን በልጅቷ ሊያላክኩ።»

እኔም ነገር ጠረጠርኩ። ሩማይሳን ከዚህ በፊት አይተው የተዋት አሉ። ይሄም ከቀረ የሰፈሩ ምላስ አይለቃትም፤ ሌላ ጠያቂም አይመጣላትም። ተያይዘን ሄድን።

ቤጉም ሻኪላ በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ጠጋኝ ነኝ፣ ቤጉም ሳሂባ» አልኩ፤ እመቤቴ እንደማለት ነው።

«ጠጋኝ ይሁን አጥፊ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

አግቢው ልጇ ሙኒብ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትላል። በእነሱ ኮምፒውተር ገጹን ከፈትኩ፤ እውነትም ግራጫ ሳጥን። እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን አሮጌ ነገር ጠርጌ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ኢንተርኔቱ ነው እንዳልል የሙኒብ ፎቶ ከነጢሙ ወለል ብሎ ይታያል።

«ሌሎቹን ወንዶች ክፈት» አለች አፓ። ሁሉም አሉ።

«ሴቶቹንስ?» አንዷም የለችም።

«እንዴ! ይሄ ቤት ሴት ይበላል እንዴ?»

«አፍሽን ሰብስቢ፣ ተስኒም!» አለች ቤጉም።

በሌላ ብሮውዘር ስከፍተው ሩማይሳ ብቅ አለች። እንግዲያው ነገሩ ያለው እዚያኛው ውስጥ ነው። ቅንብሩን ስፈትሽ አንድ ማጣሪያ አገኘሁ፤ ሥራው የሴት ፊት መሸፈን ብቻ ነው። አጠፋሁት፤ ሴቶቹ ሁሉ መጡ።

«ማነው ይሄን ያስገባው?» አልኩ።

ሙኒብ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። እቤታችን የማላውቃት ሴት ፊት እንዲታይ አልፈልግም።»

አፓ ዞረችበት። «እናትህ ‹ተቃጥላለች› ስትል እዚሁ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

«ምክንያቱን እያወቅክ?»

«እናቴ ትቆጣለች ብዬ ዝም አልኩ።»

አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት! ቤጉም ግን ዓይኗ ፎቶው ላይ ነው። «ማሻአላህ! ጨረቃ የመሰለች! በሉ አፋችንን እናጣፍጥ፣ ሐልዋው ይምጣ!» እሷ ቤት ነገሩ አልቋል። አፓ ሐልዋውን አልነካችም። «መጀመሪያ ልጅቷን ልጠይቅ» ብላ ተነሳች።

በማግስቱ ቤጉም ደወለችልኝ። «ያ ማጣሪያህ ተመልሷል፤ የልጅቷ ገጽ ጠፋብኝ። ቶሎ ና!»

ሄድኩ። ማጣሪያው የለም። ሴቶቹ ሁሉ ይታያሉ፣ የሩማይሳ ገጽ ብቻ የለም። ወደ ግቢው ወጣ ብዬ አፓ ጋ ደወልኩ።

«ሁሉንም ነገርኳት» አለችኝ። «‹ስሜ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ሰማ?› ብላ አለቀሰች። ሰው ምን ይላል ብላት ‹ያሰኘውን ይበል፤ አፓ፣ ገጼን አንሺልኝ› አለች። አነሳሁት።»

ድምጿ ውስጥ ጥርጣሬ ስላልነበረ ገረመኝ።

ስመለስ ቤጉም የሐልዋውን ሳጥን ታቅፋ ትጠብቀኛለች። «ብልሽቱ ምንድነው?»

ሙኒብ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዛሬም ዝም ብሏል።

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ቤጉም ሳሂባ» አልኳት። «ልጅዎን ይጠይቁት።»