ከፋይ የለበሰው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር እንደ በግ አንስቶ፣ መዝኖ የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ወንድሜን እስካይ ድረስ። ብቸና ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነበረን። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ ታናሽ እህቱ አቀናብራለሁ። የሠርግ ሥራ ሲበዛብን አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ቁጭ አድርጌ ነግሬዋለሁ። "ሥራ የሚያፈጥነው ራም ብዙ ይሁን። ኃይል የሚመግበው ፓወር ሰፕላይም ደህና ይሁን። ሳጥኑ ካርቶንም ቢሆን ግድ የለኝም" አልኩት። "እሺ፣ እሺ" አለኝ፣ በአንዱ ጆሮው ሰምቶ በሌላው እያፈሰሰ።

ሲመለስ ዕቃውን አውቶቡሱ አናት ላይ አላስጫነውም፤ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነው የወረደው። ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጎኑ መስታወት፣ ሲበራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚሆን ሳጥን። "እስቲ አንሺው" አለኝ። አነሣሁት። "ከበደሽ አይደል?" አለ፣ ላቱ የሚጎተት ሙክት ገዝቶ እንደመጣ ሰው ደረቱን ነፍቶ። ከፍቼ አየሁት። ራሙ ያው እኛ ቤት ካለው አይሻልም። ማራገቢያው አንዲት ፍሬ ናት፤ ክብደቱ በሙሉ የቆርቆሮው ነው። ለቆርቆሮ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ የዓባይ በረሃ ወርዶ የወጣው። "ራሙስ?" ስለው "ሻጩ በቂ ነው ብሏል" አለኝ። ሻጩ ምን ያድርግ፤ መብራት አይቶ አፉን የከፈተ ሰው ፊቱ ቆሟል።

ለነገሩ በአገሩ ሁሉ ኮምፒውተር የሚመረጠው እንዲህ ነበር። ሞጣ ሄድክ፣ ግንደወይን ሄድክ፣ ያው ነው። አንዱ የስክሪኑን ስፋት በስንዝር ይለካል፤ ሌላው "ፔንቲየም ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይሰማ ስለ ድምፅ ማጉያው ያወራል። ሞጣ ላይ አንድ ጠጋኝ ነኝ ባይ፣ በፕሮሰሰሩና በማራገቢያው መካከል የሚገባውን ቅባት ቢያጣ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ የሰው ዕቃ አቃጠለ። ባለቤቱ ሲመጣ "ዕድሜው አልቆ ነው" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ምስኪንም አመስግኖት ወጣ።

የእኔ ኮምፒውተር "ሬሳ" ይባላል። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው። ከተበላሹ ኮምፒውተሮች ደህና ደህናውን እየፈታሁ በየጊዜው ያሻሻልኩት ነው፤ ራሙ ከአንዱ፣ ሃርድ ዲስኩ ከሌላው፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ካላየው አስቀያሚ ሳጥን የወጣ። ጎኑ ክዳን የለውም። ተጨማሪ ማራገቢያ በሲባጎ አስሬለታለሁ። ራሙ አልነሣ ሲለኝ ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ ፈተግ አደርገዋለሁ፣ ይነሣል። የሚያየው ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሬሳ አንድም ቀን ሥራ ላይ ጥሎኝ አያውቅም። በቅሎ ሲገዛ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን የሚቆጥር ሕዝብ፣ ኮምፒውተር ሲገዛ ክዳኑን ገልጦ ማየት ለምን እንደሚያሳፍረው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አዲሱ ሳጥን በመስኮት ይታያልና ሰው እየቆመ ያየው ጀመር። ወንድሜ መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ፈራ። "የሰው ዓይን ይበላዋል" አለ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ዳር ዳሩ ዳንቴል ያለው ቀይ የከፋይ ልብስ አሰፋለት። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ልብስ ይለብሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ቴሌቪዥን የሚለብሰው ሲጠፋ ነው። የእኛ ኮምፒውተር የሚለብሰው እየሠራ ነው፤ ሰው የሚያየው ሲሠራ ነዋ። ስክሪኑ ብቻ ቀርቶ ሳጥኑ ከአናቱ እስከ እግሩ ተጀቦነ። እንዳይታይ የሚሸፈን መብራት ለምን ይገዛል ብላችሁ እኔን አትጠይቁ። እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ነገሩ ሁሉ በሳቅ ይቀር ነበር፣ የአጎታችን ልጅ ሠርግ ባይመጣ ኖሮ። አጎታችን ሞጣ ነው የሚኖሩት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና ወንድሜን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ሠርጓ ሲደርስ አጎታችን ታመው ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኙ። ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተጠርቷል። ቀኑ ይዛወር ሲባል "በእኔ የተነሣ ሙሽራ አትቀመጥም" ብለው ላኩ። ተዳረች፣ ወንድሜም ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ "ቤታቸው ይሁኑ" ብለው ሰደዷቸው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኛም ገባን፣ እሳቸውም ገብቷቸዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጄ ከቤቴ ስትወጣ ልያት" አሉ። ልጅቱ ደውላ "እባካችሁ ቶሎ በሉ። አንድ ቀን ያውቁኛል፣ አንድ ቀን አያውቁኝም" አለችኝ።

ወንድሜ ፊልሙ በአዲሱ ካልተሠራ ብሎ ሙጭጭ አለ። "ለታመመ ሰው በሬሳ ይሠራል እንዴ? ሟርት ነው" አለኝ፣ ስሙን ያወጣው እሱ ራሱ መሆኑን ረስቶት። ከዚያ ኢፌክቱን ያወርደው ጀመር። ሙሽራዋ ስትስቅ ልብ ይዘንባል። ሚዜዎቹ ሲገቡ የርግብ መንጋ ይበራል። ዳቦው ሲቆረስ ጽጌረዳ ይፈነዳል። ሰዎቹን ለማየት ርግቡን እሽ ማለት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ያበሸቀኝ አንድ ቦታ ነው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። የአጎታችን ወንበር ባዶ ነበር። ልጅቱ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ አንጥፋ፣ ተንበርክካ፣ ጉልበታቸው በሚሆንበት ቦታ ጋቢውን ሳመች። ወንድሜ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። "ለሙት የሚደረግ ይመስላል" አለና ትልቅ ቀይ ልብ ደረበበት፤ ርግቦቹንም ሁሉ እዚያ ላይ ለቀቃቸው። ወንበሩም ጋቢውም ጠፋ።

እንግዲህ የተቆራረጠውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ፈጭቶ አንድ ፊልም የሚያደርገው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚግለውም ያኔ ነው። መብራታሙ ከፋዩን ተከናንቦ መፍጨት ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ድርግም። አምፖሉ እየበራ ነው፣ መብራት አልሄደም። አስነሣነው፣ ደግሞ ድርግም። እጄን ከጨርቁ ሥር ባስገባ ይፋጃል። "ልብሱን አውልቅለት" አልኩት። "ይኸው፣ ዓይን በላው፤ አላልኩሽም?" ብሎ ከላይ ነጠላውን ደረበበት።

"ያተኮሰው ሰው ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል?" አልኩት።

"አዎ፣ እንዲያልበው" አለኝ።

ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ደወለች። "ዛሬ አላወቁኝም" አለች። ስልኩን ዘጋሁ። ወንድሜ ዓይኑ እያየ ነጠላውንም ከፋዩንም ገፈፍኩ፣ መብራታሙን ከፈትኩ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቀልኩ። ራሙንም ነቀልኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ለሬሳ ልሰጠው ነው።"

ገጠምኩለት፣ ልክ ሆነለት። "ሬሳ ደግሞ ርግብ ማብረር አይችልም" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ እያዘገመም ቢሆን ይችል ነበር። ርግቦቹን ጠረግኳቸው፣ ልቦቹንም፣ ጽጌረዳውንም። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ "የወንበሩን እንኳ ተዪልኝ። ካዩት ሞታቸውን የጠበቅን ይመስላቸዋል" አለ። ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ ርግብ ከየት እንደመጣ የገባኝ። አዘንኩለት፤ ግን አልተውኩለትም። ሬሳ ማራገቢያው እያጓራ፣ አንዴም ሳይቆም ጨረሰ። ዲቪዲውን ይዘን በመጀመሪያው መኪና ወደ ሞጣ ሄድን።

አጎታችን ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደግነቱ ያን ቀን አወቁን። ቴሌቪዥኑ ነጭ ዳንቴሉን ለብሷል፤ ልጅቱ አንስታ ከጎኑ አስቀመጠችውና ዲቪዲውን ከፈትኩ። ቤቱ ዘመድ በዘመድ ነው። አክስቶቻችን "የእኔ ጭፈራ አጠረ" እያሉ ያጉረመርማሉ። አጎታችን ጭፈራውን እንደ ሌላ ሰው ሠርግ አዩት፤ ዳቦውንም እንዲሁ። ወንበሩ ሲመጣ ቀና አሉ።

"እዚህ ላይ አቁሚው፣ ልጄ" አሉኝ።

አቆምኩት። ባዶው ወንበር፣ ጋቢው፣ የተንበረከከችው ልጅ። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል።

"ጋቢዬን ማነው እዚያ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ" አለች ልጅቱ፤ "ቦታዎ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

አጎታችን ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉና ጉልበታቸውን አወጡ። ሥጋ የሚባል አልቀረበትም። ልጅቱ ገባት፤ አልጋው ሥር ተንበርክካ ሳመችው። "ውለጂ፣ ክበጂ" አሉ። ድምፃቸው ቅርባቸው ላለነው ብቻ ነው የተሰማው።

እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ወንድሜ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። መሀረብ አልያዘም፤ ዳንቴሉን አነሣና ዓይኑን፣ ቀጥሎም አፍንጫውን ጠረገበት። ያ ጨርቅ ለቁም ነገር ሲውል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።